ጎረቤት ዘንድ የተቀመጠ የይለፍ ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለጎልማሶች ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ አስተምራለሁ ከምል አብረን እንማራለን ብል ይሻላል። አንድ ቀን ለተማሪዬ ለወይዘሮ ዘይነባ አዲስ የተወለደች የልጅ ልጃቸው ፎቶ በኢሜይል መጣላቸው። ለማየት ቢጓጉም የይለፍ ቃሉ ጠፋባቸው።

«አይጨነቁ መምህር፤ ከቤት ቁልፌ ጋር ጎረቤቴ አስቴር ዘንድ አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ አስቴር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልናገርም!»

«የራሴን እኮ ነው!»

«መምህር ለማንም እንዳትነግሩ ብለውናል።»

ጣልቃ ገባሁ፤ ማለቴ፣ ልገባ ስል፣ «እርስዎም ፊትዎን ያዙሩ» ተባልኩ።

ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ወደ ግድግዳው ዞረን ስንጠብቅ፣ ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው ጽፈው ከፈቱት። ከኋላችን ድምፃቸው ተሰማ።

«ውይ ዘይነብዬ! አፍንጫዋ ቁርጥ አንቺን!»