ባቄላ ማሳ ላይ ያደረ በረዶ

ከተማው ዳር፣ ካራ በኖርንባቸው ዓመታት ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ከጠራ ደግሞ ውርጭ አይቀርም። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ከሲግናል ሰፈር ወደዚያ የገባን ሰሞን «ሲያምር!» ብዬ ጮኬ ነበር። ጎረቤታችን፣ ከአጥራችን ማዶ ባቄላ የሚዘሩት ባልቴት፣ ሰምተው ገላመጡኝ። «የምን ማማር ነው? ይኼ ሰብል ገዳይ!»

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት እናቴ ታመመች። ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ ወጣ፤ ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ አንችልም ብለው ወደ ቤት ሰደዷት። ምራቋን መዋጥ እንኳ ባቃታት ሰሞን፣ ደጅ ያደረ ሳፋ ላይ ያገኘሁትን ስስ በረዶ ሰብሬ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «አልሃምዱሊላህ፣ ቀዘቀዘልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልጠየቀችንም።

ማቀዝቀዣ ማን ነበረው? መብራቱ ራሱ እንደ እንግዳ ነው የሚመጣው። አባቴ በየምሽቱ ትሪ ላይ ውኃ ሞልቶ ከቤቱ ራቅ ያለው ሣር ላይ ያኖራል፤ ግድግዳ ጥግ አይረጋም። ዕድሜ ልኩን በሹፍርና ሥራው ብርድን ሲራገም የኖረ ሰው፣ ያን ሰሞን ደመና ካየ ራት አይበላም ነበር።

ጠዋት በረዶውን የማነሣው እኔ ነኝ። ከጠርዙ ወደ መሀል የእንስላል ቅጠል የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይወርዱበታል፤ ፀሐይ ስታገኘው ውስጡ ይበራል። እናቴ ሳታየው አትጎርስም። ወደ መስኮቱ አስይዛኝ «ሱብሃነላህ» ትላለች፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ። እንዲህ እየተሰቃየች ውበት እንዴት ይታያታል ብዬ እበሳጭ ነበር። አሁን ሳስታውሰው እንባዬ ይመጣል።

ከዚያ ሰማዩ ደመነ፤ ቀናትም አለፉ። አንድ ጠዋት ባልቴቷ አጥር ላይ አገኙኝ። ፊታቸው ፈክቷል። «ተመስገን፣ ማርያም ሰማችኝ። ባቄላዬ ጥቂት ቀን ካገኘ ይደርሳል።»

አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። «እማማ፣ እርስዎ ደመና ይለምናሉ፣ እኛ ቤት የሚጎረሰው ያ ውርጭ ብቻ ነው» ብዬ የትሪውን ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

በማግስቱም ማታው ደመና ነበርና አባቴ ተስፋ ቆርጦ ትሪውን ሳያወጣ ተኛ። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ኖሯል። ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ትሪያችን ደረቁን ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

ባልቴቷ በማሳቸው በኩል መጡ። ጣባ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ውስጡ ወፍራም በረዶ አለ። ደመና እየለመኑ፣ ምናልባት ከጠራ ብለው ውኃ ባቄላው መሀል አኑረው ያደሩት እሳቸው ናቸው።

«ከመጣ አይቀር ለአንድ ሰው ይሁን» አሉና አልፈውኝ ገቡ።

እናቴ የመጨረሻዋ የሆነውን በረዶ ወደ ብርሃኑ አስይዛቸው ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች።

«እትዬ፣ ባቄላዎስ?»

«ደህና ነው፣ ምንም አልነካው።»

እናቴ አምናቸው ጎረሰች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ውርጭ የመታው ባቄላቸው ፀሐይ እያገኘው ሲጠቁር ይታየኛል።