የሺ ፀጉር ሠሪ ብቻ አልነበረችም

የሺ ሞተች አሉኝ። ይሄን እየጻፍኩም አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት ከሞጣ ደውላልኝ ስንስቅ ነበርኮ። እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው። "ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ወንበሬ ላይ ዕቃ እንዳትቆልይብኝ" ብላኝ ተለያየን። ዛሬ ጠዋት ደም ግፊት ጣላት፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ አለፈች አሉ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። የሺ እዚህ ቢቸና፣ የኔ ሱቅ በር ላይ ሹሩባ ትሠራ ነበር። እኔ ቅባትና የፀጉር ክር እሸጣለሁ፣ እሷ ትሠራለች። ሞጣ እናቷ ጋ ስትሄድም ገበያ ካለ ወንበር ዘርግታ ትውላለች እንጂ እጇ አያርፍም።

ግን ሹሩባው ሰበብ ነው። ዋና ሥራዋ ሌላ ነበር። ድሮ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ የሰፈር በጎ ፈቃደኞችን ሲያሠለጥን እሷም ሠለጠነች። ለወጣቶቹ ስለ ወር አበባው፣ ስለ እርግዝናው፣ ስለ አባላዘሩ ማስረዳት፣ ኪኒንና ኮንዶም መስጠት፣ ከእሷ በላይ የሆነውን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ገቡ። እሷ ቀጠለች። ልጆቹኮ ጤና ጣቢያ ብቻቸውን አይሄዱም፣ ካርድ ክፍል በር ላይ አክስታቸው ተቀምጣ ብታገኛቸውስ። የሺ ጋ ሲመጡ ግን ማን ይጠረጥራል? ፀጉር እየተሠሩ ነው።

ምልክትም ነበራቸው። ገና ትናንት የተሠራ ፀጉር ይዛ መጥታ "ፈትተሽ ሥሪኝ" ያለች ልጅ ጉዳይ አላት ማለት ነው። ያኔ እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት የቄስ ባለቤት፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መጡ። የጎረቤት ልጅ ሠርታላቸው አልወደዱትም። "ልጄ፣ ፈትተሽ ሥሪኝ" አሉ። የሺ ሆዬ ነገሩ ምልክቱ መሰላት። ጆሯቸው ሥር ጠጋ አለችና፣

"አይፍሩ እማማ። ከቀረ ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ምኑ ልጄ?"

"የወር አበባዎ።"

"እሱማ ሲቀር የልጅ ልጄም አልተወለደች።"

እኔ ከውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። የሺ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እማማ ግን አልሳቁም። ግማሹ ፀጉራቸው እንደተሠራ ዞር ብለው "ይሄን ነው ለልጆቹ የምትነግሪያቸው?" አሏት። "አዎ" አለች፣ ስድቧን እየጠበቀች። "እንግዲያው ያቺን የልጅ ልጄን ላምጣልሽ። ሊድሯት ነው። ገና ሕፃን ናት፣ ምንም አታውቅም።"

አመጧት። የሺ ልጅቷን ይዛ መጀመሪያ አስተማሪዋ ጋ፣ ከዚያ ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ጠላው ተጠንስሶ ነበር። ሠርጉ ቀረ። ልጅቷ ዛሬም ትማራለች።

ሁሉም እንደ እማማ አልነበረም። ገበያ መሐል ነጠላዋን ጎትታ "ልጆቻችንን የምታባልጊው አንቺ ነሽ" ያለቻትን እናት በዓይኔ አይቻለሁ። የሺ ነጠላዋን መለስ አድርጋ "ማወቅ አያስረግዝም፣ እመቤቴ" ነው ያለቻት። ለቄሱም፣ ለጎረምሳውም፣ ለቀበሌውም መልሷ ያው ነበር፤ ማወቅ አያስረግዝም። ያቺው እናት ዛሬ ከሁላችን ቀድማ የየሺን ፎቶ ለጥፋ "የኔ ደግ" ብላለች። እሺ ይሁን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

እኩለ ቀን ላይ ታላቅ ወንድሟ ደወለልኝ። አለቀስን፣ ተጽናናን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እህቴ፣ ነገ እዚህ ሞጣ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳን የእድሩ ጸሐፊ ያነበዋል። ያንን ነገር እንዝለለው ብለናል።"

"የቱን ነገር?"

"ያንን... የኪኒኑን።"

"ታዲያ ምን ልትሉ ነው?"

"በፀጉር ሥራ ትተዳደር ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበረች። ካህናት ይኖራሉ፣ ሰው ይኖራል። ለስሟ ብለን ነው።"

ለስሟ።

የሷ ስም ምን ሆነና ነው የምትጠብቁላት? ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበትን ከሬሳ ሣጥኗ ጋር ልትቀብሩት ነው? ፀጉር ሠሪማ በየበሩ አለ። ሴት ልጅ ተደብቃ ልታስወርድ የባህል ሐኪም ጋ ሄዳ ደሟ ፈስሶ እንዳትሞት እየሮጠች መኪና የምትለምን ሰው ግን እኔ አንድ ነው ያየሁት።

ማን ማን እሷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የማን ልጅ፣ የማን ሚስት፣ የማን እህት። ስም ብጠራ ነገ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ አይገኝም። አልጠራም፤ እሷ አንድም ቀን አልጠራችም። ግን እናንተ ታውቁታላችሁና አታስመስሉ።

የሚያናድደኝ ለእሷ ብቻም አይደለም። እሷማ አረፈች። ነገ እዚያ ቆመው የሚሰሙ ልጆች አሉ። የየሺ ሥራ የሚዘለል ነውር ከሆነ፣ እሷ ጋ መምጣታቸውም ነውር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቸገራት ልጅ ለማን ትናገራለች? ለማንም። ዝም ብላ ትሞታለች።

ይሄንን ለወንድሟ ነገርኩት። "ካልተነበበ ተነሥቼ እናገራለሁ" አልኩት። "ኧረ በእግዜር፣ ሴት ልጅ ቀብር ላይ ተነሥታ!" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

የሺዬ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና በግንደወይን አድርጌ እመጣልሻለሁ። የልጆቹ ጉዳይ በኔ ጩኸት እንዳይሰማ ሁልጊዜ "አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽን ቀንሺ" ትይኝ ነበር። ለነገ ብቻ ፍቀጂልኝ፣ አልቀንስም። ደህና ሁኚ እህቴ።