በቄስ መርሻ እጅ የተገኙት ካርዶች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የዋልሁት ባንክ ውስጥ ሳይሆን ደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ግቢ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን ከፋብሪካው ጋር ውል ተፈራርመው ነበር። የሠራተኛው ደመወዝ በእኛ በኩል ይገባል፤ ሠራተኛው ደግሞ በነፃ የኤቲኤም ካርድ ያገኛል፣ ደመወዙን አስይዞ ይበደራል። «ጥቅማጥቅም ነው በያቸው፤ ሌላ አታብዢ» ብለው ላኩኝ።

ሠራተኞቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩ የታሸገበትን ወረቀት አደልሁ። «ይህ ሚስጥር ነው» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ለባልም፣ ለልጅም፣ ለጎረቤትም አይነገር!»

ጽዳት የሚሠሩት እትዬ የሺ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ቁጥር አላነብም። ምን ይሻለኛል?»

«ይለምዱታል» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

የመጀመሪያው ደመወዝ የገባ ዕለት ከባንኩ በር ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ጥበቃችን የአንድ ሽማግሌ ቄስ ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ቄስ መርሻ እንደሚባሉ በኋላ ሰማሁ። ኤቲኤሙ ላይ አራት ካርድ በተራ ሲያስገቡ አይቷቸው ነው። ጥምጥማቸው ተፈቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዱ «ደግሞ ቄስ ይስረቅ?» ሲል ክው አልሁ።

ፖሊስ መጣ። «አባ፣ ካርዶቹ የማን ናቸው?»

«የሰው ናቸው።»

«ቁጥሩንስ ማን ነገረዎት?»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት አዩ። «እሱን አልናገርም።»

«እንግዲያው ጣቢያ እንሂዳ! በስተርጅና ስምዎ ሊጠፋ ነው።»

«ይጥፋ፣ ልጄ።»

ያኔ ካርዶቹ ላይ ስም አልነበረም። ሮጬ ገብቼ ቁጥራቸውን ኮምፒውተር ላይ ፈለግሁ። አራቱም የፋብሪካው ሴቶች ናቸው፤ አንዷ እትዬ የሺ። ፋብሪካው ስልክ ደወልሁ።

እትዬ የሺ ዱቄቱን ከልብሳቸው ሳያራግፉ በባጃጅ ደረሱ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! የንስሐ አባታችንን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስጥር ነው ያልሽን አንቺ አይደለሽም? ሚስጥሬን ለእሳቸው ካልሰጠሁ ለማን ልስጥ? ባል አልሽ፣ ልጅ አልሽ፣ ጎረቤት አልሽ። የንስሐ አባት መቼ አልሽ?»

ሴቶቹ በሥራ ሰዓት መውጣት ስላልቻሉ ገንዘቡን እንዲያወጡላቸው ካርዱን ለቄሱ ሰጥተዋል። የታሸገውን ወረቀትም ያስረከቧቸው ንስሐ ሊገቡ በሄዱበት ሰዓት ነው። እሳቸውም በንስሐ እንደሰሙት ሁሉ ያዙት። ሌባ መባልን መረጡ!

አቶ ጌታሁን ይቅርታ ጠየቁ። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ ቀረበ፤ ቄሱም መስቀላቸውን አሳለሙት። ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ «ልጄ፣ ቁጥሮቹን ቀይሪልኝ፤ ከብደውኛል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ መሥሪያ ቤት ካርድ አድያለሁ። ቁጥር የማያነብ ሠራተኛ ካለ ካርድ አልሰጠውም፤ በቁጠባ ደብተር ባንኩ መስኮት ላይ ይስተናገዳል። ለሌላው ቁጥሩ ለማን እንደማይነገር አንድ በአንድ እጠራለሁ። የምጀምረውም ከንስሐ አባት ነው።