ንጉሡን ያሰርኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጉኑኖ ለቅሶ ደርሼ ነበር... የባሳ ለቅሶ።

ባሳ ሶዶ ከተማ አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ነበር ማለት ገና አልለመድኩም። የወላይታ መንግሥት እንዴት እንደተወረረ የሚያሳይ ቴአትር አለን። እሱ ንጉሡን፣ እኔ የወራሪውን ጦር አዛዥ ሆነን ስንት ዓመት ተጫወትን። መጀመሪያ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ቀጥሎ ሁምቦ የእህል መጋዘን ውስጥ ሙቀቱ ሊገድለን፣ ከዚያ ቦምቤ። መጋረጃችን ተቀጣጥሎ የተሰፋ አንሶላ ነው።

አዛዡን መሆን የሚፈልግ ጠፍቶ ነው እኔ ላይ የወደቀው። «አማርኛህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ምክንያቱን ግን ሁላችንም እናውቃለን... ቅድመ አያቴ ከዚያ ጦር ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ፊት ለፊት የነገረኝ ባሳ ብቻ ነው። «የአያት ሥራህ ነው፣ ምን ያግደረድርሃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

መጨረሻ ላይ ንጉሡን የፊጥኝ አስሬ እወስደዋለሁ፣ መጋረጃው ይዘጋል። «አታላላው፣ ሕዝቡ ያውቅብናል» ይለኛል ባሳ። ቦምቤ ካሳየን በኋላ ሻይ ቤት ብገባ አስተናጋጇ አየት አድርጋኝ «ሻይ አልቋል» አለችኝ... አጠገቤ ያለው ሰውዬ እየጠጣ። ባሳ ይቺን ወር ሙሉ አወራት።

የመጨረሻው ትርኢታችን እዚያው የባሳ የትውልድ ቦታ ጉኑኖ ነበር። እናቱ ከፊት ተቀምጠው አዩ። ልክ ስንጨርስ ዝናቡ መጣ፣ መንገዱ ሳይበላሽ እንውጣ ብሎ ሾፌሩ አጣደፈን። ባሳ «እናቴን ሳልሰናበት?» አለ።

«በሳምንቱ ትመጣ የለ? ግባ በቃ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

በአራተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወደቀ። አልተነሳም።

ድንኳኑ ውስጥ ተራዬ ደርሶ እናቱ ፊት ጎንበስ ስል እጄን ያዙና ፊቴን አዩት። በወላይትኛ ነው ያናገሩኝ።

«ልጄን ያሰርከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እማማ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ፈታኸው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አስረኸው ሄድክ፣ ጨርቁ ተዘጋ፣ መኪናው ተነሳ። ሲፈታ አላየሁም... ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ነው።»

«ፈትቼዋለሁ፣ እማማ። መኪና ውስጥ ፈታሁት። ገመዱ ረጥቦ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

«አሞት ነበር?»

«አላመመውም። እጁን እያሸ ይስቅብኝ ነበር።»

«ይስቅ ነበር...» አሉ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም።

ቴአትሩ በቅርቡ ሶዶ እንደገና ይታያል። ንጉሡን የሚጫወት ሌላ መምህር ተገኝቷል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እንደገና ይከፈትና እጁን ሕዝቡ ፊት ልፍታው። አዘጋጁ «ታሪኩ ላይ የለም» አለኝ።

እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ግን ከተቀመጠው ሰው መሀል የተጫዋቹ እናት ልትኖር ትችላለች... ገመዱ እምቢ ካለ ጥርስ አለኝ።