የጳጉሜ ስድስት እርማት

አስናቀውን መካነ ሰላም ላይ የማያውቀው የለም። የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ሲበዛ ጥንቁቅ፣ ሲበዛም ግትር። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ፕሮግራም ሠርቶ ለሁሉም በነፃ ለቆታል። ስህተት ያገኘ ሰው ኮዱን አርሞ ይልክለታል፤ እሱ መርምሮ ካላስገባው ግን እርማቱ ደጅ ይቀራል። ይህችን ሥልጣን፣ ምን ልበላችሁ፣ ይወዳት ነበር።

መሰረት የወግዲ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮድ የተማረችው እመቤቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ በስልኳ ነው። የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው፤ የአስናቀው ፕሮግራም ደግሞ ልደቷን ብታስገባለት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት። እንዴት የለም? ስህተቱን ፈልጋ አረመችና የልደት ቀኗን መሞከሪያ አድርጋ ላከችለት። ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ያለ ማሠልጠኛ በነፃ ሊቀበለኝ ነው። ተቀባይነት ያገኘ ሥራ አሳዪ ብለውኛል። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ካስገቡልኝ ኮንትራቴን አላድስም፤ አገሬ እገባለሁ።»

እሱስ ምን አለ? «የመስመሮቹ አጀማመር አልተስተካከለም።» አስተካክላ ላከች። «ማብራሪያው አጭር ነው።» አስረዝማ ላከች። «አሁን ደግሞ በዛ።» ወይ አስናቀው! በሱ ቤት ልጅቷን ማስተማሩ ነው።

አራተኛው እርማት ሳይደርሰው መካነ ሰላም ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲል ወር አለፈ። ሚያዝያ ሲጋመስ የቀሯትን ቀናት ይቆጥር ጀመር። ደሴ ወርዶ ኔትወርክ ማግኘት ይችል ነበር፤ ግን ፈተና አለብኝ አለ፣ መንገዱም አያስተማምንም አለ። ምክንያት መች ይጠፋል! አውቶቡስ የተሳፈረው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው።

ደሴ መናኸሪያ እንደወረደ ስልኩ መልእክቶቹን ያራግፍ ጀመር። «ጋሼ፣ አሁንስ ልክ ነው?» «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ቀረኝ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ።» የመጨረሻው የግንቦት ሁለት ነው፦

«ፈረምኩ ጋሼ። ሁለት ዓመት ነው፣ ሌላ ቤት። አዲሷ እመቤት ስልክ አትፈቅድም አሉ። የጻፉልኝን ሁሉ ተምሬበታለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

አስናቀው እዚያው ሻይ ቤት ገብቶ ላፕቶፑን ከፈተ። አራተኛውን እርማት ሞከረው፤ ልክ ነው። አንድ ነገር ከነከነውና የመጀመሪያውንም ሞከረው። እሱም ልክ ነው። ስሌቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ከመስመሮቹ ፊት ያለው ባዶ ቦታና ማብራሪያው ብቻ። 

አስገባው። ምርመራው፣ ማስገባቱ፣ ስሟን ከሠሪዎቹ ዝርዝር ላይ መጻፉ፣ ሁሉም ተደምሮ የቀረበለትን ሻይ እንኳ አላቀዘቀዘውም። ከዚያ ልደቷን አስገባ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 1991። ፕሮግራሙ ሳያንገራግር ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999 አለው።

«ገብቷል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ላከላት። አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ስልኩን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። መልእክቱ አልደረሳትም።