ያልታተመው ብረት

የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ለተማሪዎች እንድናገር ስለታዘዝኩ ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ወርክሾፕ አስከፈትኩ። ብረት ጠምደን የምንይዝባቸው ሞርሳዎች የሉም። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ እዚህ አብሮኝ የተማረው ሰይድ ትዝ አለኝ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ኮምቦልቻ ላይ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የከፈቱት ጀርመኖች ናቸው። ዛሬም ከሆጤ ሰፈር ታክሲ ተሳፍራችሁ «ጀርመን ትምህርት ቤት» ካላችሁ ረዳቱ በሩ ላይ ያወርዳችኋል። በእነሱ ደንብ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳሙና የሚያህል ብረት በሞረድ ብቻ አስተካክሎ ያቀርባል። መምህራችን ክላውስ ብረቱን ከማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ጋር ገጥሞ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። በመካከላቸው ብርሃን ካየ ይመልሰዋል፤ ካላየ የትምህርት ቤቱን ማኅተም በመዶሻ ይመታበታል። ያንን ማኅተም ያየ ፋብሪካ ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር።

ሰይድ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ያለችው የሐርቡ ልጅ ነው። ማሽላው በድርቅ ከከዳቸው ወዲህ የአባቱ የጋሽ ይመር ተስፋ እሱ ብቻ ነበር። ፋብሪካ ካልገባ እንደ እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መሄዱ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የቦርከና ወንዝ እስኪጎድል እኔና ሰይድ ጎን ለጎን ብረታችንን ስንሞርድ ከረምን፤ የምንካፈለው ቆሎ ሳይቀር ብረት ብረት ይል ነበር።

«ብርሃን አለ» ይላል ክላውስ በተሰባበረ አማርኛው።

«ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ ፀሐይ ጠላቱ ናት!» ይልና ሰይድ እንደገና ይሞርዳል።

አንድ ሐሙስ ጨረሰ። «ነገ ጁምዓ ነው፤ ሐርቡ ወርጄ አባቴ ዱዓ ያድርጉበት። ሰኞ አሳየዋለሁ።»

«ለብረት ዱዓ?» ብዬ ሳቅሁበት።

«ለብረቱ አይደለም፣ ለሰውዬው ዓይን!»

ሰኞ ክላውስ አልነበረም። ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ እየቀረበ ስለነበር የአገሩ ኤምባሲ ቅዳሜ አስወጥቶታል። ትምህርት ቤቱ ሲዘረፍ ማኅተሙም ጠፋ። ሰላም ሲመለስ ሰይድ ብረቱን ይዞ በየፋብሪካው በር ዞረ።

«ማኅተሙስ?» እያሉ ከየበሩ መለሱት።

ብረቱን ለአባቱ ትቶ ሄደ። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ትናንት ጋሽ ይመር ብረቱን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ አንተ እዚሁ መምህር ሆነሃል አሉ። ያቺን ማኅተም ምታለትና ይምጣ።»

ማኅተሙ እንደጠፋ ሳልነግራቸው ብረቱን ተቀበልኩ። «ይተዉልኝ» አልኳቸው።

እሳቸው ሲወጡ ብረቱን ከሂሳብ ክፍሉ ስኳድራ ጋር ገጥሜ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ቅንጣት ብርሃን አያሳልፍም። ሰይድ በትክክል ጨርሶት ነበር።

ነገ ለተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን እነማን እንደከፈቱት፣ መቼ እንደሄዱ በቅደም ተከተል እናገራለሁ። ለጋሽ ይመር የምናገረው ግን እስካሁን አላገኘሁም።