ጉድጓዱን የሞላችው ልብስ ሰፊ

ጡብ ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም መጋዘኑን ቆለፈ፣ ማሽኑን ጫነ፣ ዘበኞቹን አሰናበተ። ጉድጓዱን ግን ለሰፈሩ ትቶለት ሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ አፈሩ እየተዛቀ ያለቀ፣ ሣር እንኳ የማይበቅልበት፣ ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ነበር። ዝናብ ሲጥል ውኃ ሞላበት። ሰዉ "ኧረ አጥር ይሠራለት" እየተባባለ ከረመ፤ ወሬው ግን አጥር አልሆነም።

ልብስ ሰፊዋ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ። ጥርሷ ፍንጭት ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ "ፍንጭቷ" ነበር የሚላት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዩኒፎርሟን ጫፍ ጭቃ ነካው። ልታጥበው ወደ ጉድጓዱ ወረደች፤ ጠርዙም ከዳት። ሰው ሲደርስ ቦርሳዋና ጫማዋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካልሲዎቿን እንኳ አጣጥፋ ጫማው ውስጥ ከትታቸው ነበር።

አባትየው የፋብሪካው የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ያንን አፈር የዛቀው እሱ ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ባዶ በሆነ በሳምንቱ፣ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

"አንተ ነህ የቆፈርከው" አለችው።

እጆቹን ገልብጦ አያቸውና ወጣ። ማታ ተመለሰ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ጠዋት ባልዲ አንሥታ ሄደች። ፋብሪካው ጥሎት ከሄደው የአፈር ቁልል ዛቀችና ጉድጓዱ ውስጥ ደፋች። ደገመች። በማግሥቱም ተመልሳ መጣች። የጠየቃትን ሁሉ "ልጄን የበላውን አፍ ሳልዘጋ አልሞትም" ትለዋለች። ጎረቤቶቿ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ምስኪን፣ ጨርቋን ልትጥል ነው" አሉ።

ይህን የሰሙት አንድ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ነበሩ። "ልብስ ሰፊ ጨርቋን አትጥልም" አሉና ከዘራቸውን ይዘው ጉድጓዱ ድረስ መጡ። ስትመላለስ ብዙ ቆመው አዩዋት።

"ስሚ የኔ ልጅ፣ በዚህ ባልዲ ከሆነ ይሄኛው ሳይሞላ እኔ የራሴ ጉድጓድ ውስጥ እገባለሁ።"

"ጋሼ፣ ተይ አይበሉኝ።"

"ማን ተይ አለሽ? ጋሪ ላምጣ ነው የምልሽ።"

ጋሪያቸውን አመጡ። ጋሪውን ያየ አካፋ ይዞ መጣ፣ አካፋውን ያየ ጎረምሶቹን ቀሰቀሰ። መንገድ ሠሪዎች የተረፋቸውን አፈር ወዲያ ከመጣል እዚህ ማራገፍ ጀመሩ። የተሞላው ቦታ ላይ ጥቁር አፈር አልብሰው ሣር ተከሉ፤ የመጀመሪያውን ዝናቡ ጠርጎ ወሰደው፤ እንደገና ተከሉ። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ከጉድጓዱ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነበር። እሱ ጥግ ነው ልጅቷ የገባችበት። ለመጨረሻ ያቆየችው እንደ ጠላት ነበር።

ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት መጣች። ልጅቷን አስተምራታለች። እጇን እያፍተለተለች፣

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህችን ጥግ አንድፈናት። እንቁራሪት ገብቶባታል፣ ወፍም እየመጣባት ነው። ጥልቀቷን ቀንሰን፣ ዳሯን ብናስተካክል ልጆቹ ይማሩባታል። እስካሁን የሚያውቁት የመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው" አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን ወረወረችው። "ልጄን ለበላ ውኃ ደግሞ ልጆች ልትገብሪለት ነው? ሂጂ ከፊቴ!"

መምህርቷ አልሄደችም። ዕንባዋ እየወረደ፣ "ይህኛውን ብንደፍነው ልጆቹ ሌላ ውኃ ያገኛሉ፣ እትዬ። ለእሷ ስለ ውኃ ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም" አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ ሰፊዋ ከቤት አልወጣችም። በአራተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ መምህርቷን አስጠራቻት። "ከጉልበት እንዳያልፍ። የልጅ ጉልበት ነው የምልሽ፣ ያንቺን አይደለም" አለቻትና ተመለሰች።

የገደሉን ዳር ቆርጦ ለማጋደም ማሽን ያስፈልግ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ኤክስካቫተር ለሁለት ቀን ፈቀደ። የዚያን አፈር ጠባይ የሚያውቅ ኦፕሬተር ግን በከተማው አንድ ብቻ ነው። ግንበኛው ሄደው ለመኑት። ጠዋት ሲመጡ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

የገደሉን ዳር እያጋደመ ሁለት ቀን ሠራ። በሁለተኛው ቀን ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። ሞተሩን አጥፍቷል፤ ከመቀመጫው ግን አልተነሣም።

"ውረድና ብላ።"

"እግሬ እምቢ አለኝ።"

የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቆመች። ለማንም ያልነገረችው ነገር ከሆዷ ወጣ።

"አንተ አይደለህም" አለችው። "ያን ቀን ጠዋት አዲሱን ዩኒፎርም ሳለብሳት፣ 'ይሄንንም ብታቆሽሺ ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ' አልኳት። ፈርታኝ ነው የወረደችው። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ስትያት ሰምቻለሁ። በር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።"

"ታዲያ አንተ ነህ ስልህ? ሁለት ዓመት ሙሉ?"

ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ። "ሁለታችንም ከምንሸከመው አንዳችን ብንችለው ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ 'ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ' ብላ የማታስፈራራ እናት የት አለች?"

ልብስ ሰፊዋ አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እሱም ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ምሳው ሳይከፈት ቀዘቀዘ።

ሰው ቢሰማ "ይኸው ታረቁ፣ ተገላገሉ" ይል ነበር። የፈሰሰ ውኃ ግን አይታፈስም። ከወር በኋላ ሻንጣውን አዘጋጀ። "አልተጣላሁሽም" አላት። "ግን ፊትሽ ቁርጥ እሷን ነው። ጠዋት ጠዋት ሳይሽ ትንፋሽ ያጥረኛል።" ሩቅ አገር የመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሄደ። እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው። አታስቀረው ነገር፣ እሷም ከመስታወት ፊት መቆም ካቆመች ቆይታለች።

ዛሬ ቦታው ሌላ ሆኗል። ዙሪያው ታጥሯል፣ ሣሩና የተተከሉት ዛፎች ይዘዋል፣ የውኃው ዳር ሸምበቆ አብቅሏል። ግንበኛው ከፋብሪካው ስባሪ ጡብ መቀመጫ ሠርተዋል፤ ተማሪዎች እዚያ ተደርድረው የእንቁራሪት ዕንቁላልና የውኃ ተርብ በደብተራቸው ይሥላሉ። የበሩ ቁልፍ ያለው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። ክፍሉ ሲገባ ራስ ራሳቸውን ትቆጥራለች፤ ሲወጣ ደግሞ ትቆጥራለች። ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ከንፈሯ ነጭ ይሆናል።

የሰፈሩ ኮሚቴ ቦታውን በልጅቷ ስም ሰይሞ ሰሌዳ አጽፎ ነበር። ስታየው ራሷን ነቀነቀች።

"ልጄ ሰው ናት፣ ቦታ አይደለችም። ስሟን እየጠሩ 'ገባን፣ ወጣን፣ ዘጋን' እንዲሉ አልፈልግም። አንሡልኝ።"

አነሡላት። "መቼም ይሄን ስታዪ ትጽናኛለሽ" የሚሏት ብዙ ናቸው። ለደንቡ "እንዴታ" ትላቸዋለች። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ይህን ሁሉ ልምላሜ ከልጇ ጋር በምታሳልፋት አንዲት ቀን፣ በአንዲት ከሰዓት ብትለውጠው ዓይኗን እንደማታሽ ታውቃለች።

እሑድ እሑድ ውኃው ዳር ስትቀመጥ ባሏ ይደውላል።

"ዛፎቹ እንዴት ናቸው?"

"ከኔ በልጠዋል።"

"ወፍ አለ?"

"ሞልቷል። መጥተህ አታይም?"

"እስቲ ሥራው ይልቀቀኝ" ይላል። ይህን ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷም መምጣቱን መጠበቅ ትታለች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ታወርድና ወደ ውኃው ትዘረጋዋለች። እሱ ከዚያኛው ጫፍ ያዳምጣል። ክንዷ እስኪዝል ትይዝለታለች።